አማርኛ የምናንሾካሹክበት ኩሬ

ውጭ አገር ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆች ሲገናኙ ወሬያቸው ዞሮ ዞሮ አንድ ጥያቄ ላይ ያርፋል፦ «የአንተ ልጅ አማርኛ ይናገራል?» መልሱም የተለመደ ነው፦ «ይሰማል፣ አይመልስም።» የ14 ዓመቱ ልጄም እንዲሁ ነበር። በአማርኛ ስጠይቀው በእንግሊዝኛ ይመልሳል፤ አውቶቡስ ውስጥ በአማርኛ ሳናግረው አንገቱን ይደፋል። የፊደል ገበታ ግድግዳ ላይ ሰቅለናል፣ የቅዳሜ ትምህርትም ሞክረናል። መፍትሔው የመጣው ግን ከማንም ካልጠበቅነው ቦታ፣ ለንደን ዳር ካለች አንዲት ትንሽ ኩሬ ነው።

ልጄን ወደ ዓሣ ማጥመድ የሳበው የትምህርት ቤት ጓደኛው ነው። እንግሊዝ አገር ዕድሜው 13 ዓመት የሞላው ሁሉ በዘንግ ለማጥመድ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ከ13 እስከ 16 ዓመት ላሉት ግን በነፃ ይሰጣል። ፈቃዱን አወጣንለት፣ እኔም ልሸኘው ሄጄ እዚያው ቀረሁ።

ኩሬዋ ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ አትሰፋም። በአንድ ወገን ትልቅ የአኻያ ዛፍ ወድቆ ግማሹ ውሃ ውስጥ ተጋድሟል። በሌላው ወገን ሸምበቆና ውሃው ላይ የተነጠፈ የሊሊ ቅጠል አለ። ቅዳሜና እሑድ ዙሪያዋ በአጥማጅ ይሞላል፤ በአንዱ ዘንግና በሌላው መካከል አሥር እርምጃ አይገኝም። ሁሉም የሚፈልገው አንድ ዓሣ ነው፤ ካርፕ።

ካርፕ ወደ እንግሊዝ የገባው በመካከለኛው ዘመን፣ በኩሬ እየረባ ለምግብ እንዲሆን ነው። ዛሬ ግን አብዛኛው አጥማጅ አይበላውም፤ ይይዘዋል፣ ይመዝነዋል፣ ፎቶ ያነሳዋል፣ ይለቀዋል። ሪቻርድ ዎከር የተባለው አጥማጅ በ1952 (እ.ኤ.አ.) ሬድማየር ከተባለች ትንሽ ኩሬ 20 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ካርፕ አውጥቶ የአገሪቱን ክብረ ወሰን ሲይዝ፣ ዓሣው የሄደው ወደ ምጣድ ሳይሆን ወደ ለንደን የእንስሳት ማቆያ ነበር። እዚያም ለዓመታት ኖረ።

እየተያዘ የሚለቀቅ ዓሣ ደግሞ ይማራል። ካርፕ አገጩ ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። ምግቡን ጭቃው ላይ በአፉ ይስባል፣ ይቀምሳል፣ ካላማረው መልሶ ይተፋል። ይህ ሁሉ በቅጽበት ያልቃል። ለዚህ ነው አጥማጆች ማባበያውን መንጠቆው ላይ ሳይሆን ከመንጠቆው አጠገብ በቀጭን ክር የሚያንጠለጥሉት፤ ዓሣው ምግቡን ሲስብ ባዶው መንጠቆ ተከትሎ ይገባል። መስማትም ይችልበታል፤ የአየር ከረጢቱ ከጆሮው ጋር በጥቃቅን አጥንቶች የተያያዘ ስለሆነ ዳር ላይ የጣልከው ሳጥን ድምፅ ይደርሰዋል። ስለዚህ ሰው ሲበዛ፣ ክር ሲበዛ፣ ወደ ወደቀው አኻያ ሥር ገብቶ ይቀመጣል። ቅርንጫፉ መሐል መወርወር ደግሞ ክርህንም ዓሣውንም ማጣት ነው።

ብልሃቱን ያሳየን በየሳምንቱ እዚያ የማይጠፉ አንድ አዛውንት እንግሊዛዊ ናቸው። ልጄ እንደ አገሩ ልማድ በስማቸው ይጠራቸዋል፤ እኔ ግን አፌ አልታዘዝ ብሎኝ በልቤ «ጋሼ» እላቸዋለሁ። የመጀመሪያው ምክራቸው ዘንጉን መኪና ውስጥ ትተን ኩሬዋን ሁለት ጊዜ እንድንዞር ነበር። «ከመወርወር በፊት ማየት» አሉን። ምን እናይ? ከታች የሚወጣ የደቃቅ አረፋ መስመር፣ በድንገት የደፈረሰ ውሃ፣ ነፋስ ሳይኖር የሚወዛወዝ ሸምበቆ። ሁለተኛው ምክር ሌላው ሁሉ ወደ መሐል ሲወረውር እኛ እግራችን ሥር እንድናጠምድ ነው። ሲመሽና ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ ዓሣው የወዳደቀውን ሊለቅም ወደ ዳር ይመጣል። ለዚያም ጥቂት የበቆሎ ፍሬ ይበቃል፤ በባልዲ የሚበትን ሰው ዓሣውን አጥግቦ ይሸኛል።

አማርኛ የገባው እዚህ ላይ ነው። በተጨናነቀ ኩሬ ትልቁ ሀብት መረጃ ነው። አረፋ ያየ ልጅ ጮክ ብሎ ከተናገረ በደቂቃ ውስጥ ሦስት ክር ከጎኑ ያርፋል። አንድ ቀን ልጄ እጄን ያዘና ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ «አባዬ፣ አረፋ አለ። ከዛፉ ጋ» አለኝ። በእንግሊዝኛ ሳይሆን በአማርኛ። ፊቱን አየሁት፤ ዓይኑ ውሃው ላይ ነው፣ የተናገረውን ቋንቋ ልብ ያለው አይመስልም። እኔም ምንም አላልኩም። እንደ ካርፑ ሁሉ እሱም ድምፅ ከሰማ የሚሸሽ መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ ቃላት ማጠራቀም ጀመረ። ሸምበቆ፣ ድፍርስ፣ ጉቶ፣ «ክሩን አጥብቅ»፣ «ቀስ በል»። እኔ የማላውቀውን ደግሞ ባሕር ዳር ላለችው እናቴ ስልክ ደውለን እንጠይቃለን። ድሮ ስልኩን ሲቀበል «ደህና ነኝ እማማ» ብሎ ወዲያው ይመልስልኝ ነበር። አሁን ጥያቄ አለው። እሷም የጣና ዳር ልጅ ናትና ስለ ቆሮሶ፣ ስለ አምባዛ፣ ከደንገል ስለሚሠራው ታንኳ ታወራዋለች። የጣናው ነጭ ዓሣ ከካርፕ ጋር አንድ ቤተሰብ መሆኑን ሲነግራት ግን ብዙም አልተደነቀችም። የደነቃት ሌላው ነገር ነበር።

«ይዛችሁ ትለቁታላችሁ?»

«አዎ እማማ።»

«ምነው፣ ጾም ይዛችሁ ነው?»

ልጄ እስኪያነባ ሳቀ። ቀልዷ ሳይተረጎምለት ገብቶታል።

ትልቁን ካርፕ ያገኘነው በነሐሴ መጨረሻ፣ ሊመሽ ሲል ነው። ማባበያውን ከግንዱ ሁለት ሜትር ያህል ርቀን አስቀመጥነው፤ ቅርንጫፉ ውስጥ ሳይሆን ዓሣው ከቅርንጫፉ ወጥቶ የሚበላበት ቦታ ላይ። ክሩ ጠንካራ ነው፤ መንጠቆው ደግሞ ክሩ ቢበጠስ እንኳ ከዓሣው አፍ በቀላሉ የሚወልቅ፣ መልሶ የሚይዝ ሹል የሌለው ዓይነት ነው። ጉቶ አጠገብ ሲጠመድ ዘንግ አስቀምጦ ሻይ መጠጣት የለም፤ ልጄ ለአንድ ሰዓት ያህል በእጁ ይዞት ቆመ። ዘንጉ ሲጎብጥ የሚያደርገውን ያውቅ ነበር። ክር አልለቀቀለትም፤ ወደ ጎን፣ ወደ ክፍቱ ውሃ ጎተተው። «ያዝ፣ ያዝ፣ እንዳትለቅ!» እላለሁ። «ይዤዋለሁ አባዬ፣ መረቡን አምጣ!» ይላል። ሹክሹክታው ቀርቶ ኩሬዋ በሙሉ አማርኛ ሰማች።

ዓሣው አራት ኪሎ ከምናምን ነበር። ልጄ እጁን ውሃ ውስጥ ነከረ፤ ደረቅ እጅ የዓሣውን መከላከያ ልባጭ ይገፍፋል። እርጥብ ፍራሽ ላይ አስተኝቶ መንጠቆውን ነቀለለት፣ ከዚያም ሁለት እጁን ከሆዱ ሥር አድርጎ ውሃው ውስጥ ያዘው። ዓሣው ትንሽ ቆየ፣ ጅራቱን አወዛወዘ፣ ወደ ግንዱ ሄደ። ልጄም «ደህና ግባ» አለው። ይህን ሐረግ ያስተማርኩት እኔ አይደለሁም፤ ከስልኩ ነው ያገኘው።

አሁን ክረምቱ ገብቷል። ውሃው ሲቀዘቅዝ ካርፕ እንቅስቃሴውን ይቀንሳል፣ ምግብም እምብዛም አይሻም፤ አጥማጁም ይበተናል። ባለፈው ቅዳሜ ኩሬዋ ዳር ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም። ከቴርሞስ ሻይ እየቀዳሁ ሳለ ልጄ ወደ እኔ ጠጋ አለና «አባዬ፣ ሸምበቆው ተነቃነቀ» አለኝ። የሚሰማን አልነበረም። እሱ ግን አሁንም በአማርኛ ያንሾካሹክ ነበር።