የበሬሳ ጥቁር አሸዋ

ከተበላሸ ሬዲዮ ስፒከር ማግኔት ፈትቶ፣ በክር አስሮ፣ ወንዝ ዳር አሸዋ ላይ የጎተተ ልጅ ነገሩን ያውቀዋል። ማግኔቱ ጥቁር ጢም አብቅሎ ይነሳል። ደብረ ብርሃን ላይ፣ በሬሳ ወንዝ ዳር፣ ይህ የልጆች ጨዋታ ነው። ለባሕር ተመራማሪ ግን መረጃ ነው።

ጥቁሩ ነገር ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን ነው። የሚገኘው ሰሜን ሸዋን ከሸፈነው ጥቁር ድንጋይ፣ ከባዛልት ውስጥ ነው። ድንጋዩ ሲበሰብስ አፈር ይሆናል፤ ጎርፍ አፈሩን ሲወስድ ማግኔታይቱም አብሮ ይሄዳል።

ወዴት? ዝናቡ በየት በኩል እንደወረደ ይወስነዋል። ከአንኮበር ገደል ወደ ምሥራቅ የወረደው አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። በደብረ ብርሃን በኩል የወረደው ግን በበሬሳ ወደ ጀማ፣ ከጀማ ወደ አባይ ይገባል። በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት መጨረሻው የሜዲትራኒያን ወለል ነበር።

ተመራማሪዎች ከዚያ ወለል ደለሉን በረጅም ቱቦ ያወጡና እያንዳንዱ ንብርብር በማግኔት ምን ያህል እንደሚሳብ ይለካሉ። ነጭ አባይ ጭነቱን ደቡብ ሱዳን ረግረግ ላይ ስለሚያራግፍ፣ ወንዙ ለባሕር ያደረሰው አፈር አብዛኛው የኢትዮጵያ ደጋ ነው። ኦክስጅን ባጠረው ጭቃ ውስጥ ማግኔታይት ሊሟሟ ስለሚችል፣ የደለሉም ኬሚስትሪ አብሮ ይመረመራል።

የአባይ ደለል የሚናገረው ያልተጠበቀ ነው። ከ6,000 ዓመት ገደማ በፊት ዝናቡ ከዛሬው ይበዛ ነበር፤ ከደጋው የሚታጠበው አፈር ግን ያንስ ነበር። ምክንያቱም መሬቱ ልብስ ነበረው። ዝናቡ ቀንሶ መሬቱ ሲራቆት አፈሩ ጨመረ። ስለዚህ «ክረምቱ ከበደ፣ አፈሩን ወሰደው» ማለት ግማሽ እውነት ነው። አፈሩን አሳልፎ የሚሰጠው እርቃን መሬት ነው። በየክረምቱ የተተከለው ችግኝ ቁጥር ይታወጃል፤ ከችግኙ ሥር ሣር መኖር አለመኖሩን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

«አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል። ዛሬ ማደሪያ አግኝቷል። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ካለቀ ወዲህ አብዛኛው አፈር ባሕር አይደርስም። አሁን ደግሞ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዘው የሕዳሴ ግድብ ከእሱ በላይ ቆሟል። ከበሬሳ የታጠበ አፈር የሚያድረው እዚያ ነው። ያደረው አፈር የውሃውን ቦታ ይወስዳል።

እንግዲህ ግድቡን ከሚጠብቁት አንዱ በበጋ፣ በነፃ ጉልበቱ፣ እርከን የሚሠራው የደብረ ብርሃን ዙሪያ ገበሬ ነው። መብራቱ ሲሸጥ የእሱ ድርሻ የት ላይ ተጽፏል?