ቀንድ ለቀማ

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ጎረቤቴ ዛሬም "ገና ነው" አለኝ። ሮቸስተር ከተማ ውስጥ አስፋልቱ ከደረቀ ሰነበተ፤ ከከተማ ወጣ ሲሉ ግን ሰሜን ሰሜኑን የሚያየው ዳገት ሁሉ በረዶ እንደለበሰ ነው። ሰውየው ጡረታ የወጣ የሚኒሶታ ገበሬ ነው። መሬቱን ለወንድሙ ልጅ ትቶ ከተማ ከገባ ወዲህ ያልተወው አንድ ልማድ ቢኖር፣ ብርዱ ሊወጣ ሲል ወንድ አጋዘኖች የጣሉትን ቀንድ ፍለጋ ጫካ ለጫካ መዞር ነው። ካቻምና እኔንም አስለመደኝ።

እኔ ደግሞ ቸኩያለሁ። ለውሻ ማኘኪያ፣ ለቢላ እጀታ፣ ለመብራት ማስጌጫ እያሉ ቀንድ በፓውንድ መዝነው የሚገዙ ነጋዴዎች ስላሉ፣ ገና በጥር በረዶ ላይ የሚያስሱ ሰዎች አሉ። "እኛ እስክንደርስ ጠርገው ይወስዱታል" ስለው ፊቱ ቀላ። በዚህ ወር አጋዘን የሚኖረው በመስከረምና በጥቅምት ባጠራቀመው ስብ ነው። የሚያገኘው ቀንበጥ ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሆንም፤ ሴቶቹ እርጉዝ ናቸው፣ ብዙዎቹም መንታ ይዘዋል። ከመኝታው ያስበረገጉት አጋዘን በሩጫ ያቃጠለውን ስብ ሣር እስኪበቅል ድረስ ከየትም አይተካውም። "ቀንዱ የትም አይሄድም፤ የሚሞተው አጋዘኑ ነው" አለኝ። በዋዮሚንግ ምዕራባዊ ክፍል፣ በመንግሥት መሬት ላይ፣ በፈረንጆቹ ሜይ 1 ሳይደርስ የወደቀ ቀንድ መልቀም በሕግ የታገደው ለዚሁ ነው። ሚኒሶታ እንዲህ ያለ ሕግ የላትም፤ እኔ ላይ ያለው የጎረቤቴ ሕግ ነው።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

ለማስፈቀድ ወደ ኋይትዋተር ሸለቆ፣ ኤልባ መንደር አጠገብ ወዳለ አንድ እርሻ ሄድን። ባለቤቱ እንዲህ ያለ እንግዳ አይጠላም፤ ሣር ውስጥ የተደበቀ የቀንድ ጫፍ የትራክተር ጎማ ይበሳል፣ የአንዱ ጎማ ዋጋ ደግሞ ያስለቅሳል። የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የከብቱን በር ክፍት ካገኘነው ክፍት፣ ዝግ ካገኘነው ዝግ አድርገን እንድንተወው።

ስንመለስ ጎረቤቴ ቢቨር የምትባል መንደር የነበረችበትን ቦታ አሳየኝ። ዛሬ ምንም የለም። ዳገቱ ተመንጥሮ፣ ታርሶ፣ በከብት ተግጦ ሲያልቅ አፈሩ እየታጠበ ሸለቆውን ሞላው፤ በ1938 እ.ኤ.አ. ብቻ መንደሯ 28 ጊዜ በጎርፍ ተጥለቀለቀች፣ ሰዉም ለቀቀ። ኋላ መንግሥት መሬቱን እየገዛ ዛፍ ተከለበት፤ ጫካው ሲመለስ አውሬውም ተመለሰ። የወሎ ልጅ ስለሆንኩ ይህን ታሪክ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገውም።

መጋቢት 5፣ ዓርብ ማታ

እማዬ ደወለች። ነገ የት እንደምውል ነገርኳት።

"አጥንት ለቀማ? አሜሪካ የሄድከው ለዚህ ነው?"

"ቀንድ ነው እማዬ።"

"እሺ ቀንድ። ዋንጫ ይወጣዋል?"

አይወጣውም። የበሬ ቀንድ ውስጡ አጥንት፣ ላዩ ጥፍር የመሰለ ልባስ ነው፤ ልባሱ ሲወልቅ ክፍት ስለሆነ ጠላ ይይዛል። በሬም ሆነ ድኩላ፣ ኒያላም ሆነ ዋልያ ያን ቀንድ ዕድሜ ልኩን ተሸክሞት ይኖራል። የዚህ አገር አጋዘን ቀንድ ግን ድፍን አጥንት ነው፤ በየዓመቱ ወድቆ በየዓመቱ ይበቅላል። በየዓመቱ ቀንዱን የሚጥል አውሬ በአገራችን ስለሌለ እማዬ የማሾፍባት መሰላት። "በል እንግዲህ፣ ዛሬ አቦ ናቸው፤ እሳቸው ከአውሬው ይጠብቁህ" ብላ ዘጋችው።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ዛሬ ተፈቀደልኝ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ጎረቤቴ መኪናውን አሙቆ ይጠብቀኝ ነበር።

ጫካ እንደገባን መጀመሪያ የሚፈልገው በጠጥ ነው። በጠጡ የበዛበት፣ የደረቀው ቅጠል ተደልድሎ ሞላላ መኝታ የሆነበት ቦታ ከተገኘ፣ አጋዘኖቹ ብርዱን ያሳለፉት እዚያ ነው፤ ወንዱም ቀንዱን የሚጥለው በሚውልበትና በሚያድርበት ነው። ምግባቸው ኮምባይነር ካጨደው የበቆሎ ማሳ ላይ የቀረው ቃርሚያ ነው። የሚሞቁት ፊቱን ወደ ደቡብ በሰጠ ዳገት ላይ ነው፣ እዚያ በረዶው ቀድሞ ይቀልጣልና። ከማሳው ወደ ዳገቱ የምትወጣ ቀጭን መንገድ አለች፤ እሷን ይዘን ወጣን። የሽቦ አጥር ባለበት ቆም ብለን ግራና ቀኙን አየን። አጋዘን አጥር ዘሎ ሲያርፍ፣ ሊለቅ የደረሰ ቀንድ በንጠቱ ይወድቃል።

ለመውደቁም ምክንያት አለው። በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ወንዶቹ ለሴት የሚፋለሙበት ወቅት ካለፈ በኋላ ሆርሞናቸው ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ቀንዱና የራስ ቅሉ የተጋጠሙበትን አጥንት ሰውነታቸው ራሱ እየበላ ያሳሳዋል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ አንደኛው ይወድቃል፤ ሌላኛው በሰዓታት፣ አንዳንዴም በቀናት ልዩነት ይከተላል። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ቦታ ማግኘት ዕድል ነው።

ብዙ ስንፈልግ ዋልን፣ ዓይናችን እስኪፈዝ። የተሰበረ የኦክ ቅርንጫፍ ቀንድ ይመስላል፤ የበቆሎ አገዳም ቀንድ ይመስላል። አንድ የሞተ ግልገል አገኘን፤ ጎረቤቴ እንዳልጠጋ ከለከለኝ። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዚህ በደቡብ ምሥራቅ ሚኒሶታ በዱር አጋዘኖች ላይ የሚታይ የሚያመነምን በሽታ አለ፤ መንስኤው አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል።

ከዳገቱ ወገብ ላይ ጥድ አለ። እዚህ ቀይ ሲዳር ይሉታል፣ ለሐበሻ ጥድ ግን የቅርብ ዘመዱ ነው። ቅጠሉን በጣቴ አሽቼ ሳሸተው የደብራችን ቅጽር መጣብኝ። ቀና ብዬ ዓይኔን ስመልስ ቀንዱ ከጥዱ ሥር፣ ጫፎቹን ወደ ላይ አድርጎ ተጋድሟል።

የቀኝ ነው፤ አራት ቅርንጫፍ አለው። ሳነሳው ከጠበቅሁት በላይ ከበደኝ፣ ቀዝቅዟልም። ከራስ ቅሉ የተላቀቀበት ገጽ ትንሽ ሾጠጥ ያለ፣ ሻካራና ነጭ ነው፤ በአንድ ጎኑ የደረቀ ደም ጠብታ አለው። ዙሪያውን ጎርባጣ ቀለበት ከቦታል። ከዚያ በላይ ያለው የዛፍ ልጥ ሲታሽበት ከርሞ ቡናማ ሆኗል፤ ጫፎቹ ግን ነጥተዋል። በሦስተኛው ቅርንጫፍ ጠርዝ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተሰለፉ ቀጫጭን ጭረቶች አየሁ፤ የአይጥ ጥርስ ነው። አይጦችና ሽኮኮዎች ለካልሲየሙና ለፎስፈረሱ ሲሉ ይግጡታል፤ ሰው ካላነሳው በጊዜ ብዛት ጨርሰውት ይጠፋል። ይህ ሁሉ አጋዘን በየዓመቱ እየጣለ ጫካው ለምን በቀንድ እንዳልተሞላ መልሱ ይኸው ነው።

ይህ ቀንድ ሚያዝያ ላይ ጉጥ ነበር። በጸጉራም ቆዳ ተሸፍኖ፣ ፈጥኖ በሚያድግበት ወቅት በቀን ከግማሽ ሳንቲ ሜትር በላይ እየጨመረ ነሐሴ ላይ ያበቃል። ከሣሩ የሚያገኘው ማዕድን አልበቃ ሲለው እንስሳው ከገዛ ጎድን አጥንቱ ይበደራል። እንዲህ ተለፍቶበት በጥቂት ወር ይጣላል! እኔ ብሆን አላደርገውም ነበር።

ግራውን ፍለጋ ክቡን እያሰፋን ዞርን። ወደ ላይ፣ ጥዱ ጠቅጠቅ ወዳለበት ልወጣ ስል ጎረቤቴ ክንዴን ያዘኝ። አምስት ሴት አጋዘኖች ተኝተዋል፤ አንዷ ጆሮዋን ወደ እኛ አዙራለች፣ ግን አልተነሳችም። የጎድን አጥንቷ በጸጉሯ ውስጥ ይታያል። ግራው እዚያ ጥድ ውስጥ እንዳለ እምላለሁ፤ ቢሆንም በመጣንበት ወረድን። ጥቂት ተበሳጭቻለሁ፣ አልደብቅም።

መጋቢት 7፣ እሑድ

ባለቤቴ ሱሪዬ ላይ መዥገር አገኘች። በረዶው ከመሄዱ ይህ ተባይ ይነቃል፣ የላይም በሽታንም ያስተላልፋል። ቀንዱ ከቤት ውጭ በረንዳ ላይ እንዲያድር ተፈረደበት። ልጃችን ግን ለትምህርት ቤት ሊወስደው ይለምናል።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ጎረቤቴ የአየር ትንበያ አይቶ መጣ። ሐሙስ ይዘንባል፣ ዓርብ ደመና ነው፤ ቀንድ ደግሞ ሲረጥብ ያብረቀርቃል፣ ደመና ሲሆን ጥላ ስለማይኖር ከሩቅ ይለያል። አጋዘኖቹም በዚህ ሙቀት ወደ ማሳው ሳይወርዱ አይቀሩም፤ ጥዱ ባዶ ከሆነ ይገባል። እኔ ዓርብ ሥራ ነኝ።

"ግራውን ካገኘኸው የኔ ነው" አልኩት፤ "ቀኙን ያገኘሁት እኔ ነኝ።"

"ይሄ ደግሞ የት የተጻፈ ሕግ ነው?" ብሎ ሳቀና ወደ ቤቱ ገባ።