ሦስተኛው ወገን

የሕግ ሰዎች በአንድ ውል ላይ ከተፈራረሙት ከሁለቱ ተዋዋዮች ውጭ ያለውን ሰው «ሦስተኛ ወገን» ብለው ይጠሩታል። በተሽከርካሪ መድን ውል አንደኛው ወገን መድን ሰጪው፣ ሁለተኛው ባለ ንብረቱ ሲሆኑ፣ ሦስተኛው ስሙ በውሉ ያልሰፈረ፣ ፊቱም ለሁለቱ ያልታወቀ፣ ነገር ግን በማናቸውም ቀን በመንገድ ላይ ሊገኝ የሚችል ሰው ነው። በአማርኛችን ግን «ወገን» የተዋዋይ ስም ብቻ አይደለም። ወገን ዘመድ ነው፤ አለኝታ ነው፤ በክፉ ቀን የሚጠሩት ሰው ነው። በመሆኑም ቃላችን ከሕጉ አልፎ አንድ ከባድ ነገር ይናገራል። ይኸውም መሪ የጨበጠ ሰው ሁሉ በጎዳና ላይ ለሚያገኘው እንግዳ ሰው ወገኑ መሆኑን ነው።

የዚህ ቃል ክብደት የገባኝ በ2010 ዓ.ም. ታናሽ ወንድሜ ሳሪስ ላይ መንገድ ሲያቋርጥ በመኪና በተገጨ ጊዜ ነው። በንፋስ ስልክ ላፍቶ የኖረ ሰው ያንን ጎዳና ያውቀዋል። ከጎተራ ተነሥቶ በሳሪስ አድርጎ ወደ ቃሊቲ የሚወርደው ይህ መንገድ፣ ከአዳማ በኩል የሚመጣው ጭነት ለረጅም ዘመን ወደ ከተማዋ ሲገባበት የኖረ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር መስመርም መሀሉን ይዞ እስከ ቃሊቲ ይዘልቃል። በግራና በቀኝ ፋብሪካው፣ መጋዘኑ፣ ገበያውና መኖሪያው ተደባልቆ የተቀመጠ በመሆኑ፣ የሠፈሩ ሰው ከቤቱ ወደ ሥራው፣ ከሥራው ወደ ገበያው ለመድረስ በየዕለቱ ጎዳናውን መሻገር ግዴታው ነው።

ወንድሜ ጎፋ አካባቢ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት ያለው አናጢ ነው። በአደጋው የቀኝ እግሩ ቅልጥም ተሰበረ፤ የቀኝ እጁ የሁለት ጣቶች ጅማትም ተቆረጠ። እግሩ ብረት ገብቶለት ከወራት በኋላ ቆመ። ጣቶቹ ግን መሮ ለመጨበጥ እንቢ እንዳሉ ቀሩ። የገጨው አነስተኛ የጭነት መኪና ሲሆን፣ ሾፌሩ በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለ ተቀጣሪ ልጅ ነበር። ልጁ አልሸሸም፤ ቁስለኛውን አንሥቶ ወደ ሕክምና ካደረሱት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። ፖሊስ መኪናውን ሲመረምር የሦስተኛ ወገን መድኑ ካለቀ አራት ወር ሆኖት ተገኘ። በመስታወቱ ላይ የተለጠፈው ምልክት ግን አቧራ ለብሶ በቦታው ነበር።

ከአደጋ በኋላ ያለው ሕይወት ከአደጋው ይልቅ ይረዝማል። ግጭቱ የአንድ ቅጽበት ነገር ሲሆን፣ የሐኪም ማስረጃ፣ የፖሊስ ማስረጃ፣ የመድኃኒት ደረሰኝ፣ የቤት ኪራይ፣ የልጆች ቀለብ ግን ወራትና ዓመታት ናቸው። የሠፈራችን ዕድር እንደ አብዛኞቹ ዕድሮች የተቋቋመው ለሞት ነው። ሰው ሲሞት ድንኳኑ ይተከላል፣ ገንዘቡም ይከፈላል። ቆስሎ በሕይወት የተረፈው ግን በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ስም አልነበረውም። ጎረቤቶቻችን ከደንቡ ውጭ አዋጥተው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት አሳለፉን። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ወደ ሕግ አመራ።

የሀገራችን ሕግ በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም ያለ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081፣ የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን፣ መኪናውን የነዳው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ በዚህ ምክንያት ከኃላፊነቱ እንደማይወጣ ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ኃላፊነትና መክፈል መቻል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ባዶ እጁን ባለ ሰው ላይ የተፈረደ ፍርድ ቁስለኛን አያበላም። ይህንን ክፍተት ለመድፈን በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 559፣ በኋላም በ2005 ዓ.ም. የተተካበት አዋጅ ቁጥር 799፣ የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ እንዳይነዳ ከለከሉ። መድን የሌለው ወይም ማንነቱ ያልታወቀ ተሽከርካሪ ለጎዳው ሰው ካሳ የሚከፍል የመድን ፈንድም ተቋቋመ። ፈንዱ የከፈለውን ከባለ ንብረቱ መልሶ መጠየቅ ይችላል።

ሐሳቡ በዓለም ላይ የታወቀ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1930 መድኑን ግዴታ ካደረገች በኋላ፣ መድን በሌለው ሾፌር የተጎዳ ሰው አሁንም ሜዳ ላይ መቅረቱን ስላየች፣ እ.ኤ.አ. በ1946 መድን ሰጪዎች የሚያዋጡበት የጋራ ቢሮ አቋቋመች። ኒው ዚላንድ ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 1974 ጀምሮ ጥፋተኛው ማን ነው ሳይባል በአደጋ የተጎዳ ሁሉ የሚካስበትን ሥርዓት ዘረጋች። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» የሚለው የአበው ብሂል ከእነዚህ ሕጎች ሁሉ ቀድሞ ይህንኑ ተናግሯል።

ነገር ግን የሎሚውን ቁጥር ማየት ያስፈልጋል። የ2005ቱ አዋጅ በወጣበት ጊዜ ለሞት ከ5,000 እስከ 40,000 ብር፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ እስከ 100,000 ብር ወስኖ ነበር። አስቸኳይ ሕክምናው እስከ 2,000 ብር ነበር። እነዚህ አኃዞች ሊሻሻሉ የሚችሉ ናቸው፤ ወንድሜ ግን በቆሰለበት ዘመን የሚለካው በእነርሱ ነበር። አንድ የተጨፈለቀ መኪና ከአንድ የሰው ሕይወት በላይ ሊካስ መቻሉን ያነበብሁበት ቀን ትዝ ይለኛል። የኅሊና ጉዳት የሚባለውንማ የ1952ቱ ሕግ ከ1,000 ብር እንዳያልፍ ገድቦታል። በዚያ ዘመን 1,000 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ በእኛ ዘመን የአንድ ሳምንት አስቤዛ አይሆንም።

ጉዳዩ በዚህ ላይ ሳለ የመኪናው ባለቤት ሽማግሌ ላኩ። ሦስት አዛውንት ነጠላቸውን አጣፍተው ቤታችን ገቡ። ባለቤቱም አብረው መጡ። ሀብታም ይሆናሉ ብለን ስንጠብቅ ጡረታ የወጡ፣ ዕቁብ ደርሷቸው፣ በዚያም ላይ ተበድረው መኪናዋን የገዙ ሰው ሆነው አገኘናቸው። መድኑን ለምን እንዳላሳደሱ ሲጠየቁ፣ «ወይ ጎማ፣ ወይ መድን ነበር፤ ጎማውን ገዛሁ» አሉ። እናታችን ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣ «እርስዎ ለመኪናዎ ጫማ ሲገዙ ልጄ ባዶ እግሩን ቀረ» አሏቸው። ሰውየው አንገታቸውን ደፉ።

ሽማግሌዎቹ የዕርቅ ወረቀት ይዘው ነበር። ዕርቁ በሾፌሩ ላይ በሚሰጠው ፍርድ ቅጣት ሊያቀልለት እንደሚችል እናውቃለን። የልጁም ዕድሜ አሳዝኖናል። ወረቀቱ ግን በመጨረሻው መስመር ላይ «ከእንግዲህ ወዲህ በማናቸውም መንገድ የካሳ ጥያቄ አላቀርብም» የሚል ቃል ነበረው። በቅድሚያ ሊሰጥ የቀረበው ገንዘብ የቀዶ ሕክምናውን ግማሽ እንኳ አይሸፍንም። ወንድሜ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና፣ «አባቶቼ፣ ቂሙን ትቼዋለሁ፤ ለልጁም ይቅርታ አድርጌያለሁ። እጄን ግን ልሸጥላችሁ አልችልም። ይህ መስመር ይውጣ» አለ። አንደኛው ሽማግሌ «ዕርቅ ሲሉ ሙሉ ነው» ብለው ተከራከሩ። ሁለተኛው ግን፣ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ፤ ልጁ እውነቱን ነው» ብለው በብዕራቸው መስመሩን ሰረዙት። በዚያው ሌሊት ዕርቁ ተፈጸመ፤ መብቱም ሳይሸጥ ቀረ።

በመጨረሻም ማስረጃዎቹ ተሟልተው ለመድን ፈንዱ ቀረቡ። ከጣሪያው በታች የሆነ ካሳ ተከፈለ። ለቀረውም ባለ ንብረቱ በየወሩ ጥቂት በጥቂት ለመክፈል በሽማግሌዎቹ ፊት ቃል ገቡ፤ ብዙውንም ወር ቃላቸውን ጠበቁ። ወንድሜ ዛሬ በሥራ ቤቱ ቆሞ ይለካል፣ ያሰምራል፤ መሮውንና መላጊያውን የሚይዙት ግን ያስተማራቸው ሁለት ልጆች ናቸው።

ይህንን የጻፍሁት የአንድ ቤት ችግር ስለሆነ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው። መምህራን ለተማሪዎቻቸው የመንገድ ማቋረጫውን ሲያስተምሩ፣ የተጎዳ ሰው የፖሊስ ማስረጃ ማግኘት እንዳለበት፣ የካሳ ክስም በመሠረቱ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ እንዳለበት፣ ያልተነበበ የዕርቅ ወረቀትም እንዳይፈረም ቢያስተምሩ መልካም ነው። በየወረዳው ያሉ ኃላፊዎችም በመስታወት ላይ ያለውን ምልክት መኖሩን ብቻ ሳይሆን ቀኑን ጭምር ያንብቡ። የኪነ ጥበብ ሰዎችም ስለ ሾፌሩ ብዙ እንደ ዘፈኑ ሁሉ፣ በመንገዱ ዳር ቆሞ መሻገር የሚጠብቀውን እግረኛ ደግሞ በመድረክና በሸራ ላይ ያሳዩን።

ዕድርተኛ በየወሩ የሚከፍለው ለሚያውቀው ጎረቤቱ ነው። የሦስተኛ ወገን መድን የሚከፍል ሰው ደግሞ ስሙን ለማያውቀው ሰው ዕድር ከፈለ ማለት ነው። ከጎማና ከመድን አንዱን መምረጥ ግድ የሆነበት ባለ መኪና ሁሉ፣ ከመምረጡ በፊት ይህንን ሰው በዓይነ ኅሊናው ይመልከተው።