የአሮጌ ሰንጢ ዕድሜ እንዴት ይታወቃል?

ከካርቱም በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በጥቁር ዓባይ ዳርቻ የምትገኘው ሶባ በመካከለኛው ዘመን የክርስቲያናዊው የአልዋ መንግሥት መናገሻ ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1952 ፒተር ሺኒ፣ በ1980ዎቹ ደግሞ ቻርልስ ዳንኤልስና ደረክ ዌልስቢ በቆፈሩት በዚህ ዓይነቱ ስፍራ፣ አንድ የዛገ ብረት ዕድሜው የሚገመተው ከተገኘበት የአፈር ንብርብርና አብሮት ከወጣው የሸክላና የብርጭቆ ስብርባሪ ነው። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ ሰንጢ፣ ማለትም ስለቱ ወደ እጀታው የሚታጠፍ የኪስ ቢላዋ፣ እንዲህ ያለ ምስክር ስለሌለው መርማሪው የሚያነበው ራሱን ሰንጢውን ነው።

ንባቡ የሚጀምረው ከስለቱ ግርጌ፣ ሳይሳል ከሚቀረውና አምራቾች ስማቸውንና የከተማቸውን ስም ከሚያትሙበት ክፍል ነው። የጀርመኗ ዞሊንገን አንዳንድ ሠሪዎች በቢላዎቻቸው ላይ የእንግሊዟን የሼፊልድን ስም እያተሙ በመሸጣቸው የሼፊልድ ባለሙያዎች አቤቱታ አሰምተው ነበር፤ ብሪታንያም በ1887 ባወጣችው የንግድ ምልክት ሕግ ምክንያት «በጀርመን የተሠራ» የሚለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በስፋት መታተም ጀመረ። ካርቱም ተከብባ ቆይታ በሱዳናዊው መሪ በማህዲ ተከታዮች እጅ የወደቀችው በጥር 1885 ስለሆነ፣ ይህን ጽሑፍ የያዘ ሰንጢ በከበባው ጊዜ ከተማዋን ሲከላከል በነበረው በእንግሊዛዊው ጄኔራል በጎርደን ወታደር ኪስ ውስጥ ነበር የሚል ሻጭ ቢያጋጥም ዋጋውን መስማት እንኳ አያስፈልግም።

ይሁን እንጂ ማኅተም የሚናገረው ዕቃው ከመቼ በፊት ሊሠራ እንደማይችል እንጂ መቼ እንደተሠራ አይደለም። የሶባ ቀይ ጡቦች በ19ኛው መቶ ዘመን ለካርቱም ግንባታ እየተነቀሉ ተወስደዋል፤ በጡቡ ዕድሜ የቤቱን ዕድሜ የሚወስን ሰው በብዙ መቶ ዓመታት ይስታል። በስለትም እንዲሁ ነው። በ1814 ሸንዲን የጎበኘው ስዊዘርላንዳዊው ተጓዥ ቡርክሃርት የዞሊንገን የሰይፍ ስለቶች በአካባቢው ሲሸጡ እንደነበር የመዘገበ ሲሆን፣ ካስካራ የሚባለውን ቀጥ ያለና በሁለት በኩል የተሳለ የሱዳን ሰይፍ የሚሠሩ ቀጥቃጮች ደግሞ የአውሮፓን ስለት የጨረቃና የአንበሳ ምልክት በራሳቸው ሥራ ላይ አትመዋል። ይህ ሁልጊዜ ለማጭበርበር የተደረገ አይመስልም፤ ምልክቱ የጥራት ስም ሆኖ ነበርና።

ብረቱም የራሱ ወሰን አለው፤ ሃሪ ብሪርሊ በሼፊልድ የማይዝገውን ብረት የሠራው በ1913 ስለሆነ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ስለት ከዚያ አይቀድምም። ቪክቶሪኖክስ የሚለው ስም ከ1921 ወዲህ የመጣ ነው፤ በፈረንሳዩ ኦፒኔል ላይ ስለቱን ቆልፎ የሚይዘው ቀለበትም የ1955 ጭማሪ ነው። እጀታ ግን ሲሰበር ስለሚቀየር ከስለቱ በብዙ ዓመታት ሊያንስ ይችላል፤ ከቀደምት ፕላስቲኮች አንዱ የሆነው ሴሉሎይድ ደግሞ ሲያረጅ በሚያወጣው ጋዝ ስለቱን ያዝገዋል። ሻጮች እንዲህ ያለውን ዝገት በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው ሲያነጡት ማኅተሙንም አብረው ስለሚያጠፉት፣ ለገዢ ከሚያብረቀርቀው ይልቅ ያልተነካው ዝገት ይሻለዋል።