እርሳስና ባሩድ፦ ከአባቶች ምድጃ እስከ እኛ ማድቤት

የዛሬ ወታደር ጥይቱን የሚቀበለው በሣጥን ታሽጎ፥ ተቆጥሮና በፊርማ ነው። እርሳሱን ማን እንዳቀለጠው፥ ባሩዱንም ማን እንደ ሞላው አይጠይቅም፤ ሊጠይቅም አይገደድም። አባቶቻችን ግን እርሳሳቸውን ራሳቸው የሚያፈሱበት፥ ባሩዳቸውንም ራሳቸው የሚወቅጡበት ዘመን ነበር። ይህን ሙያ ማወቅ ለወታደሩ ስለ መሣሪያው፥ ለባለቤቱም ስለ ቤቷ የሚያስተምረው ብዙ ቁም ነገር ስላለው፥ በዚህ ሳምንት የቤተሰብ ዓምዳችንን ለእርሳስና ለባሩድ ሰጥተነዋል።

ይህን አሳብ ያነሣሣብን በምሥራቅ ሱዳን በኒው ሀልፋ ያየነው ነው። ኒው ሀልፋ በአስዋን ታላቁ ግድብ ምክንያት ቀያቸው ዋዲ ሀልፋ በውኃ የተዋጠባቸው ኑብያውያን ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠፈሩባት ከተማ ናት። ማሳዋን የሚያጠጣው ወንዝ አትባራ ነው፤ አትባራም ከእኛ ዘንድ ጓንግ ተብሎ በመተማ በኩል የሚወርደው ውኃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በሱዳን ጦርነት ከመነሣቱ አስቀድሞ ለሥራ ጉዳይ ወደዚያ በተጓዝንበት ወቅት፥ በወጣትነታቸው ለሰሊጥ አጨዳ ከአርማጭሆ ተሻግረው በዚያው የቀሩ አንድ አዛውንት በቤታቸው አስተናገዱን።

አዛውንቱ ከአያታቸው የወረሱትን አንድ ዕቃ አሳዩን። ይኸውም እንደ መቀስ የሚከፈትና የሚገጠም፥ በመካከሉ የጥይት እርሳስ የሚፈስበት ጎድጓዳ ያለው ብረት ነው። «ልጄ፥ አያቴ ቀለሁን ሳይለቅም ከተኩስ ቦታ አይነሣም ነበር፤ ቀለሁን የጣለ ነገ የሚተኩሰው የለውም ይል ነበር» አሉን። በዚህ አንድ ቃል ውስጥ የዚያ ዘመን የመሣሪያ አያያዝ ሥርዓት ሁሉ ተጠቃሎ ይገኛል።

ጥቁር ባሩድ ከሦስት ነገሮች የሚሠራ ድብልቅ ነው፤ አብዛኛው ከአፈር ታጥቦ የሚወጣ የባሩድ ጨው ሲሆን፥ የቀረው ከሰልና ድኝ ነው። ጉልበቱ በድብልቁ ንጽሕናና በአወቃቀጡ ልክ ይወሰናል። ጨዉ በሚገባ ካልተጣራ ወይም እርጥበት ካገኘ እሳቱ ይሰንፋል፤ እርሳሱም ከዒላማው ሳይደርስ ይወድቃል። ሲተኮስ ከግማሽ የሚበልጠው ክፍሉ ጥላሸትና አመድ ሆኖ ይቀራል እንጂ ወደ አየር አይለወጥም። ስለዚህም ነጭ የጢስ ደመና የተኳሹን ሥፍራ ለጠላት ይገልጥበታል፤ በአፈሙዙ ውስጥ የሚቀረው ዝቃጭም እርጥበት እየሳበ ብረቱን በአጭር ጊዜ ያዝገዋል። በዚያ ዘመን ጠመንጃውን በሙቅ ውኃ ሳያጥብ ያደረ ወታደር በማግሥቱ በእጁ የሚይዘው ዝገት ነበር። ፈረንሳዊው ፖል ቪየይ በ1884 እ.ኤ.አ. ጢስ አልባውን ባሩድ እስኪያወጣ ድረስ የዓለም ጦር ሁሉ በዚህ ጢስ ውስጥ ነበር የሚዋጋው።

እርሳስ ደግሞ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚቀልጥ በመሆኑ የማገዶ እሳት ይበቃዋል። ቀልጦ በቅርጹ ውስጥ ሲፈስ ወዲያው ይረጋል። በሀገራችን ውጅግራ እየተባለ የሚጠራው የ1874ቱ የፈረንሳይ ጠመንጃ ውፍረቱ 11 ሚሊሜትር የሆነ፥ ክብደቱም 25 ግራም ያህል የሆነ እርሳስ ይጎርስ ነበር። ስለዚህ እርሳስና ባሩድ በሀገር ቤት ሊበጁ ይችሉ ነበር። በቀለሁ ቂጥ ተቀምጣ እሳት የምትጭረውን ትንሽ የመዳብ ክዳን በቤት ማበጀት ግን እጅግ አስቸጋሪ ነበር፤ የባሕር ማዶ ፋብሪካና የጥገኝነት ሰንሰለት ከሠራዊቶች ቀለህ ጋር የተያያዘው በዚህች ክዳን ነው።

ይህ ሙያ በታሪካችን ውስጥ የጨዋታ ነገር አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1848 እ.ኤ.አ. በሱዳን ጠረፍ በደባርቂ የግብጽን መድፍ ከቀመሱ በኋላ፥ መሣሪያ በሀገር ውስጥ እንዲሠራ ሲደክሙ ኖረዋል፤ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያስፈሰሱት ታላቁ ሴባስቶፖል የዚህ ድካም ምስክር ነው። ሆኖም በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አቅራቢያ በአሮጌ ሜዳ፥ በአፈሙዙ የሚጎርሰው የሠራዊታቸው ጠመንጃ በደቂቃ 10 ጥይት ያህል ከሚተኩሰው የእንግሊዝ ስናይደር ጋር ተጋጠመ፤ ጀግንነት ብቻውንም የጉርሻውን ልዩነት ሊሞላው አልቻለም።

ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ የግብጽን ጦር ድል በነሱ ጊዜ፥ በአሜሪካ ተሠርቶ ለግብጽ የተሸጠው ረሚንግቶን በብዛት በኢትዮጵያውያን እጅ ገባ። የማህዲ ተከታዮችም በ1883 እ.ኤ.አ. በሸይካን የሂክስን ጦር ሲደመስሱ ይህንኑ ጠመንጃ ማረኩ። ስለዚህ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በመተማ ሁለቱ ሠራዊቶች ሲጋጠሙ፥ በሁለቱም ወገን ከአንድ የግብጽ ግምጃ ቤት የወጡ ጠመንጃዎች ነበሩ። ድል ወደ ኢትዮጵያ ባዘነበለችበት ሰዓት ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቆስለው በማግሥቱ ዐረፉ። በዚያ ቀን የአንዲት ቁራጭ እርሳስ ጉዞ የሀገርን ዕድል ለወጠ።

ከሊፋው ቀለሁን በኦምዱርማን መሣሪያ ቤት እያስሞላ፥ ባሩዱንም በሀገር እያስወቀጠ ቢቆይም፥ የባሩዱ ጥራት ከፋብሪካው እጅግ ያንስ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1898 እ.ኤ.አ. በኦምዱርማን ሜዳ ከ10,000 የሚበልጡ ተከታዮቹ ሲወድቁ፥ ደካማው ጥይታቸው ከእንግሊዝ መድፍና መትረየስ ፊት ሊቆም አልቻለም። በአንጻሩ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ድል ያደረገው ሠራዊታችን ጥይትን አስቀድሞ በመሰብሰብና በመቆጠብ የተዘጋጀ ነበር። በዚያን ዘመን ጥይት በገበያ ላይ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይመነዘር እንደ ነበር ስናስታውስ፥ አንዲቱን ጥይት በከንቱ የተኮሰ ሰው የቤቱን ጨውና በርበሬ እንደ በተነ ይቆጠር ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

ዛሬ በአሜሪካ ሙያው ወደ ስፖርት ተለውጧል። በ1987 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የተመሠረተው ማኅበር አባላት የከብት እረኞችን ልብስ ለብሰው በአሮጌ ዓይነት ጠመንጃ ይወዳደራሉ፤ ብዙዎችም እርሳሳቸውን በቤታቸው ያፈሳሉ፥ ጥቁር ባሩድም ይሞላሉ። እነዚህ ሰዎች አጥብቀው የሚጠብቁት አንድ ሕግ አለ፤ ይኸውም ለጥቁር ባሩድ በተሠራ አሮጌ ጠመንጃ ጢስ አልባ ባሩድ አለመሙላት ነው። ጉልበቱ ብረቱን ሊፈነዳው ይችላልና። ቀልጦ በሚፈላ እርሳስ ውስጥም አንዲት የውኃ ጠብታ ብትገባ በቅጽበት እንፋሎት ሆና እርሳሱን በፊትና በዓይን ላይ ትረጨዋለች።

እንግዲህ በኒው ሀልፋ ከታሪኩ ይልቅ ያሳሰበን ሌላ ነገር ነበር። አዛውንቱ በአያታቸው ቅርጽ ጥይት አያፈሱበትም፤ ከአሮጌ የመኪና ባትሪ ያወጡትን እርሳስ በማድቤቱ ምድጃ እያቀለጡ ለዓሣ መረብ ማክበጃ ያደርጉበታል። የሚያቀልጡበትም ባለቤታቸው ሽንኩርት የሚያቁላሉበት ብረት ምጣድ ነው። «ይህን ምጣድ ከወጥ ዕቃዬ አያቀላቅሉብኝ ብዬ ስንት ጊዜ ለመንሁዎ!» አሉ እናቲቱ። አዛውንቱም «እሳት የበላው ብረት ምን እድፍ ይኖረዋል?» ብለው መለሱ። በዚህ መካከል አራት ዓመት የሚሆነው የልጅ ልጃቸው ከምድጃው ሥር የረጋ እርሳስ አንሥቶ በአፉ ያላምጥ ነበር። ሕፃኑ ሆዱን እንደሚያመው፥ ምግብም እንደሚጠላ አያቱ ነገሩን።

እኛም በአክብሮት ያስረዳናቸው ይህን ነበር። እሳት ብዙውን እድፍ ያጠራል፤ እርሳስን ግን አያጠራም። ጢሱና ትቢያው በምጣዱ፥ በልብሱና በወለሉ ላይ ያርፋል፤ በአፍና በአፍንጫም ይገባል። የሕፃን ሰውነት ከአዋቂው ይበልጥ ይስበዋል፤ አእምሮውንና የመማር ችሎታውን ይጎዳል። ነፍሰ ጡር እናት በአጥንቷ ያከማቸችው እርሳስ ወደ ፅንሱ ይሻገራል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይገልጣል። አዛውንቱ መጀመሪያ ተቀየሙን፤ አባቴና አያቴ ሲሠሩት ኖረዋል አሉ። እናቲቱ ግን ሕፃኑን አዝለው በማግሥቱ ወደ ሐኪም ወሰዱት። ማቅለጡ ከግቢው እንዲወጣ ተነገራቸው፤ አዛውንቱም ከሁለት ቀን ዝምታ በኋላ ለመረቡ ድንጋይ ማሠር ጀመሩ፤ ቅርጹም በግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ከጦርነቱ በኋላ ግን ወሬያቸው ስለ ተቋረጠብን የሕፃኑን ፍጻሜ አልሰማንም፤ ያሳስበናልም።

ስለዚህ ለጓዶቻችንና ለባለቤቶቻቸው የምናስተላልፈው ምክር ግልጽ ነው። ከተኩስ ሜዳ የተመለሰ ወታደር ሕፃኑን ከማቀፉ አስቀድሞ እጁንና ፊቱን በሳሙና ይታጠብ፥ ልብሱንም ይለውጥ፤ ያ ልብስ ከሕፃናት ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ አይታጠብ። ቀለህም ሆነ ያልተተኮሰ ጥይት ለልጆች መጫወቻ አይሁን፤ ለመሣሪያ ግምጃ ቤት ይመለስ። የአሮጌ ባትሪ እርሳስ በቤትም ሆነ በግቢ አይቅለጥ። እናት በማድቤቷ የምትሰጠው ትእዛዝም በዚህ ረገድ የአዛዥ ትእዛዝ ያህል ይከበር። የአባቶቻችንን ሙያ የምናከብረው የቆጣቢነታቸውንና የጥንቃቄያቸውን ሥርዓት በመጠበቅ ነው፤ ያ ሁሉ እርሳስ የፈሰሰውም በምድጃው ዙሪያ የሚያድጉት ልጆች በሰላም እንዲያድጉ ነበርና።