ኢላማው ሲቀርብ እጅ ለምን ይከዳል?

ወዳጆቼ፣ በተለይ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ቤታችሁ ውስጥ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ካለ ደግሞ እስከ መጨረሻው ዝለቁ።

በቀስት ውርወራ ስፖርት "ታርጌት ፓኒክ" የሚሉት ነገር አለ። በኛ ቋንቋ የኢላማ ድንጋጤ ብንለው ያስኬዳል። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውየው ለዓመታት የተለማመደ ነው። ደጋኑን ይወጥራል፣ ኢላማውን ያያል፣ ግን በቅጡ ሳያነጣጥር ጣቱ በራሱ ጊዜ ጅማቱን ይለቀዋል። ሌላው ደግሞ የተገላቢጦሹ ይደርስበታል። እጁ ከኢላማው በታች ተቸንክሮ ይቀራል፤ ትንሽ ከፍ አድርግ ቢሉት ክንዱ አይታዘዝም። በቀስት የሚያድኑ ሰዎችም ያውቁታል። ልምምድ ላይ የማይስተው ሰው እንስሳው ፊቱ ሲቆም ሳያነጣጥር ይለቃል።

የሚገርመው ምን መሰላችሁ? ኢላማውን አንስታችሁ ዓይኑን ጨፍኖ እንዲወረውር ብታደርጉት ያው እጅ በደንብ ይሠራል። ክንዱ ጤነኛ ነው። ችሎታውም የትም አልሄደም።

ይሄ ነገር ጎበዝንም አይምርም። እንግሊዛዊው ኤሪክ ብሪስቶው በዳርት 5 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ግን ዳርቷን ከጣቱ መልቀቅ አቅቶት ተሰቃይቷል። ጀርመናዊው የጎልፍ ተጫዋች በርንሃርድ ላንገርም አጭር ርቀት ላይ ያለችውን ኳስ ወደ ጉድጓዷ መግፋት ሲያቅተው የዱላውን አያያዝ እስከመቀየር ደርሷል።

ምክንያቱን ለተማሪዎቼ ሳስረዳ ደወልን ነው የማነሳው። የመውጫ ደወል ሲደወል እኔ ዓረፍተ ነገሬን ሳልጨርስ ደብተር ይዘጋል። ማንም አስቦ አይዘጋውም፤ እጁ ነው የሚዘጋው። ደወልና ደብተር መዝጋት በብዙ ዓመት ልማድ አንድ ላይ ታስረዋል። ቀስተኛውም ጋ እንደዚያው ነው። "ኢላማው ታየ" እና "ልቀቅ" የሚሉት ሁለት ነገሮች ተጣብቀውበታል። በላዩ ላይ "ብስትስ?" የሚል ጭንቀት ሲጨመር እጁ ከጭንቀቱ ለመገላገል ቶሎ ይለቃል። ከአዳማ ወጣ ብሎ ማማ ላይ ሆኖ ማሽላ የሚጠብቀውን ልጅ አስቡት። ወንጭፉን አሽከርክሮ ወፉ ወዳለበት ይለቃል፤ ቢስት ሌላ ድንጋይ ያነሳል። ውጤት የሚሞላለት ሰው የለም፣ እጁም አይርበተበትም።

"ቲቸር፣ እኛ ቀስት የት አለንና?" የምትሉ አላችሁ። እኛ ጋ ያለው ቅርቡ ቀስት ፍጹም ቅጣት ምት ነው። ጎሉ 7.32 ሜትር ስፋት፣ 2.44 ሜትር ከፍታ አለው። ርቀቱ 11 ሜትር ብቻ ነው። ሰፈር ውስጥ በባዶ እግሩ 10 ጊዜ መትቶ 9 የሚያገባ ልጅ ፊሽካ ተነፍቶ ሰው ሲያፈጥበት እግሩ ይተሳሰራል።

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. የሆነውን የረሳ ያለ አይመስለኝም። ከ31 ዓመት በኋላ የተመለስንበት የአፍሪካ ዋንጫ ነው። ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ኔልስፕሩት ላይ፣ ያኔ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ዛምቢያ ጋር። 0 ለ 0 እያለን ፍጹም ቅጣት ምት አገኘን፣ ሳላዲን ሰይድ መታ፣ ግብ ጠባቂው ኬኔዲ ምዊኔ መለሰበት። አገር በሙሉ "ውይ!" አለ። በኋላ ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጥቶብን፣ በ10 ሰው አዳነ ግርማ አግብቶ 1 ለ 1 ወጣን።

ይህንን ያነሳሁት ሳላዲንን ለመውቀስ አይደለም። እንደውም ተቃራኒው ነው። አንድ ጊዜ መሳት በሽታ አይደለም፤ ማንም ይስታል። በሽታ የሚሆነው ያቺ አንድ ስህተት በቀጣዩ ኳስ ላይ ቀድማ ስትቆም ነው። እዚያ ላይ እኛ ተመልካቾች ትልቅ ድርሻ አለን። ልጁ ሊረሳት ሲሞክር እኛ "ያቺን የሳትካት..." እያልን እናስታውሰዋለን።

የኖርዌዩ ተመራማሪ ጌይር ዮርዴት የትልልቅ ውድድሮችን የመለያ ምቶች በቪዲዮ አጥንቷል። ካገኛቸው ነገሮች አንዱ፣ ዳኛው ፊሽካ እንደነፋ ተጣድፈው የሚመቱት ትንፋሽ ወስደው ከሚመቱት የበለጠ መሳታቸው ነው። ልክ እንደ ቀስተኛው፣ ቶሎ ለመገላገል ነው የሚመቱት። በ1996 (እ.ኤ.አ.) በአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ጀርመን ላይ የሳተው ጋሬዝ ሳውዝጌት አሰልጣኝ ሲሆን ተጫዋቾቹ እንዳይጣደፉ አለማመዳቸው። በዓለም ዋንጫ የመለያ ምት አሸንፋ የማታውቀው እንግሊዝ በ2018 ኮሎምቢያን አሸነፈች።

አሁን ወደኛ ሜዳ ልምጣ። ትምህርት ቤታችን አንድ ልጅ ነበረ፤ ስሙን አልጠራም፣ ይህን እንደሚያነበው አውቃለሁ። ከወንጂና ከሞጆ ልጆች ጋር ስንጫወት እሱን የሚያቆም ተከላካይ አልነበረም። ቅጣት ምት ሲመጣ ግን ጀርባውን ይሰጣል። ሁለት ተከታታይ ሳተ፣ ከዚያ በቃ። "ቲቸር፣ እግሬ እኮ ያኔ የኔ አይደለም" አለኝ። ስንቱ "ወኔ የለህም" እያለ ይጮህበት ነበር። ጩኸት እንደማያድነው ስለማውቅ፣ የቀስት አሰልጣኞች የሚያደርጉትን ወስደን ወደ ኳስ አመጣነው።

1ኛ፦ ኢላማውን ማንሳት። ቀስተኛው ክብ የሌለበት የሣር ክምር ላይ፣ ከቅርብ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይወረውራል። የኛም ልጅ ለአንድ ሳምንት ግድግዳ ላይ ብቻ መታ። ጎል የለም፣ ቆጣሪ የለም። ስለ እግሩ አጣጣል ብቻ እናወራለን።

2ኛ፦ አነጣጥሮ አለመልቀቅ። ቀስተኛው ደጋኑን ወጥሮ፣ ኢላማውን አይቶ፣ ሳይለቅ መልሶ ያወርዳል። የኛ ልጅ ኳሷን ያስቀምጣል፣ ወደኋላ ይሄዳል፣ ጎሉን ያያል፣ ይተነፍሳል፣ ከዚያ ሳይመታ ትቶ ይሄዳል። ጓደኞቹ ሳቁ። ግን ቋጠሮውን የሚፈታው ይሄኛው ነው። እግሩ "ጎሉን ማየት ማለት የግድ አሁኑኑ መምታት ማለት አይደለም" የሚለውን ይማራል።

3ኛ፦ በትንሽ በትንሹ መመለስ። ባዶ ጎል፣ ቀጥሎ ግብ ጠባቂ፣ ቀጥሎ 5 ተመልካች፣ ቀጥሎ ክፍሉ በሙሉ። ከከበደው አንድ ደረጃ ወደኋላ እንመለሳለን።

አንድ ወር ገደማ ፈጀ። በመጨረሻ ግጥሚያ ላይ ራሱ ኳሷን አንስቶ ሄደ። የመጀመሪያዋ ገባች። ቀጣይዋን ሳተ፤ ሆኖም ሦስተኛዋንም ሊመታ መጣ! ለኔ ድሉ ያ ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለምን መሰላችሁ? የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ጀመረ። በዚያ ዓመት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ዋናው ምክንያት ድንጋጤ ነው አልልም፤ የትምህርታችን ችግር ብዙ ነው። ነገር ግን ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ወጥተው የሚሠሩትን ጥያቄ ፈተና ላይ ሲያዩት እጃቸው የሚደርቅ ልጆች በዓይኔ አያለሁ። አንዳንዱ ጥያቄውን አንብቦ ሳይጨርስ ያጠቁራል። አንዳንዷ አንዷ ጥያቄ ላይ ተቸንክራ ሰዓቱ ያልቃል። ሁለቱ የቀስተኛ ዓይነቶች ቁጭ አሉ አይደል?

እንግዲህ ለነሱም ያው ነው። መጀመሪያ ሳይታረም፣ ነጥብ ሳይሰጥ ይሥሩ። ቀጥሎ ጥያቄውን አንብበው፣ ምን እንደሚፈልግ በቃላቸው ተናግረው፣ ሳይመልሱ ይለፉት። ከዚያ በሰዓት፣ ከዚያ በማያውቁት ክፍል፣ ከማያውቁት ልጅ ጎን። ፈተናው ቀን ደግሞ ወረቀቱ ሲገለጥ አንድ ሙሉ ትንፋሽ ይውሰዱ፤ ያቺ ትንፋሽ ሰዓት አትጨርስም።

እናትና አባት፣ እባካችሁ "ስንት ታመጣለህ?" የሚለውን ጥያቄ ለጥቂት ሳምንት ተዉት። "ዛሬ ምን ሠራህ?" በሉት። የመጀመሪያው ኢላማውን ያሳየዋል፣ ሁለተኛው እጁን ያፍታታዋል።

እናንተስ? መኪና ለመንዳት፣ ሰው ፊት ለመናገር፣ መርፌ ለመውጋት እጃችሁ የከዳችሁ፣ እንዴት ተመለሰላችሁ? ከታች ጻፉልኝ፤ ለልጆቹ አነብላቸዋለሁ። ተፈታኝ ላለበት ቤትም አድርሱልኝ።

ሰላም ዋሉ።