ጨቅላ ይዞ ወደ ጢስ ዓባይ

ሰው ከቤቱ የሚወጣበት ምክንያት ብዙ ነው። ለገበያ ይወጣል። ለለቅሶ ይወጣል። ለሠርግ፣ ለወፍጮ፣ ለፍርድ ቤት ይወጣል። ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ፣ «እስቲ አገር እንይ፣ ደስ ይበለን» ብሎ የሚወጣ ግን ስንት ነው? በተለይ ጨቅላ ያለበት ቤት ሲሆን ነገሩ ይብሳል። «ጨቅላ ተይዞ የት ይኬዳል?» ይባላል።

እኛ ግን ከጨቅላ ጋር ሄደን ተመለስን። የሄድነው ወደ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ነው። እንዴት እንደሄድንና ምን እንዳየን እንንገራችሁ።

እኛ አስተማሪዎቹ ሁለት ነን። አብረናቸው የሄድነው ቤተሰብ ከባሕር ዳር አጠገብ በገጠር ይኖራል። አባትና እናት፣ የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ፣ የአራት ወር ሴት ሕፃን፣ እንዲሁም አያት ናቸው። ወሩ ጥቅምት ነው። ዝናቡ አባርቷል። ጤፉ ሊደርስ ነው። ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው።

የጉዞው ሐሳብ ከየት መጣ?

ሐሳቡን ያመጣው ትንሹ ልጅ ነው። አባትየው በሳጥን ውስጥ ያስቀመጣት አንዲት የወረቀት አንድ ብር አለች። ዛሬ አንድ ብር ሳንቲም ሆኗል። ወረቀቱ ግን ለብዙ ዓመታት በሁላችንም እጅ ዞሯል። ከፊቱ የልጅ መልክ አለበት። ከጀርባው ደግሞ ፏፏቴ አለበት። ልጁ ወረቀቱን አገላብጦ አየና ጠየቀ።

«አባዬ፣ ይህ ውሃ የት ነው ያለው?»

«ጢስ ዓባይ ነዋ» አለ አባቱ።

«አንተ አይተኸዋል?»

አባትየው ዝም አለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዓባይ አገር ኖሯል። ፏፏቴውን ግን ያየው በብር ጀርባ ላይ ብቻ ነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው ለካ እንዲህ ያለው ነው።

«እሑድ እንሄዳለን» አለ አባት።

«ሕፃኗስ?» አለች እናት።

እዚህ ላይ ክርክር ተነሣ። አያት በጣም ተቆጡ። «ምች ይመታታል! የሰው ዓይን አለ! ምን ጎድሎባችሁ ነው?» አሉ። አያት የሚናገሩት ከክፋት አይደለም። ልጅ ወልደው ቀብረዋል። ፍርሃታቸው ከዚያ የመጣ ነው። ስለዚህ ማንም አልሳቀባቸውም።

እናትየው ተነሥታ የሕፃኗን የክትባት ካርድ አመጣች። በጣቷ እየተከተለች፣ ቀስ እያለች አነበበችላቸው። «በስድስት ሳምንት ተከትባለች። በአሥር ሳምንት ተከትባለች። በአሥራ አራት ሳምንትም ተከትባለች። የሚቀጥለው የኩፍኝ ነው፤ ዘጠኝ ወር ሲሞላት። ይኸው እማማ፣ ተጽፏል» አለች።

ቀጥላም እንዲህ አለች። «ሕፃኗ በሰኔ ተወለደች። ክረምቱን በሙሉ እኔና እሷ ጢስ ቤት ውስጥ ነን። ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና ስትነሣ አንድ ቀን ወጣን። ከዚያ ወዲህ ከምድጃው ዳር አልተነሣሁም። እኔም ሰው ነኝ እኮ!»

ቤቱ ጸጥ አለ። አያት ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው እኔም እሄዳለሁ። ሳላያት አልውልም» አሉ። በዚሁ ተስማማን።

ምን ይዘን ሄድን?

ሀብታም የሚይዘውን ዕቃ አልያዝንም። የያዝነው ከቤት ያለውን ነው። በአገልግል እንጀራና ሽሮ ያዝን። ቆሎ ያዝን። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በጀሪካን ያዝን። ለሕፃኗ አንቀልባ፣ ጋቢ፣ ለራሷ ጥላ የሚሆን ስስ ነጠላ፣ አምስት ንጹሕ የሽንት ጨርቅ ያዝን። የቆሸሸውን ጨርቅ የምንከትበት ፌስታልም አልረሳንም። የሕፃኗ ምግብ ግን አገልግል አላስፈለገውም። እስከ ስድስት ወር ድረስ የሕፃን ምግብ የእናት ጡት ብቻ ነው። ጡት ደግሞ አይበላሽም፤ እሳት አይፈልግም፤ መንገድ ላይ አይፈስም።

መንገዱ

ከባሕር ዳር እስከ ጢስ ዓባይ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጧት መናኸሪያ ደረስን። መኪናው ብዙ ነው፤ ጩኸቱም ብዙ ነው። አባትየው ረዳቶቹን አልጠየቀም። በየመኪናው ፊት የተለጠፈውን ታፔላ እያየ ሄደ። «ጢ... ስ... ዓ... ባ... ይ። ይኸ ነው! ግቡ!» አለ። እኛ አስተማሪዎቹ ተያየን። ምንም አልተናገርንም፤ ደስታችን ግን ትልቅ ነበር።

መኪናው ሲነሣ ሕፃኗ ጡቷን ጠብታ ተኛች። ትንሹ ልጅ ከመስኮቱ አልተነሣም። የጤፍ ማሳ አየ። የበቆሎ ማሳ አየ። የጫት ማሳ አየ። ያየውን ሁሉ ለአያቱ ይነግራል። እኅቱ ከተወለደች ወዲህ የሚያዳምጠው ሰው አጥቶ ነበርና፣ ያን ቀን ወሬው አላልቅ አለ።

ከተማዋ ስንደርስ የመግቢያ ትኬት ቆረጥን። ከዚያ በኋላ በእግር ነው። መንገዱ መጀመሪያ ቁልቁለት ነው። ኋላ ዳገት አለው። እናትየው ሕፃኗን ልታዝል ስትል ባሏ አንቀልባውን ተቀበላት። ጀርባውን አዘነበለ። አያት ሕፃኗን አስተካክለው አሰሩለት።

ጥቂት እንደሄድን ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ሁለት ሰዎች አገኙን። አባትየውን አይተው ሳቁ።

«ምነው አያ፣ እናቲቱ ታመመች እንዴ?»

«አልታመመችም» አላቸው። «አራት ወር ሙሉ፣ ቀንም ሌሊትም ይዛታለች። ዛሬ የኔ ተራ ነው።»

ሰዎቹ መልስ አጡ። አንደኛው «እግዜር ያሳድጋት» ብሎ አለፈ።

አያት ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ሄዱ። በኋላ እንዲህ አሉን። «ስድስት ልጅ ወልጃለሁ። አባታቸው አንዱንም አዝሎ አያውቅም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ነውር ይመስለው ነበር። እኔም ነውር ይመስለኝ ነበር። ይኸው ልጄ አዘለ፤ ምን ጎደለበት?»

ቁልቁለቱ ሲያልቅ የድንጋይ ድልድይ አለ። የተሠራው በ17ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። ሰዎች የፖርቱጋሎች ድልድይ ይሉታል። ድንጋዩ በኖራ የተያያዘ ነው። ዓባይ ከድልድዩ ሥር በጠባብ ገደል ውስጥ ያልፋል። ዛሬም የአገሩ ሰው ከብቱንና ጭነቱን ይዞ ይሻገርበታል። እኛም ቀስ ብለን ተሻገርን። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለም?

ፏፏቴው

ዳገቱን ጨርሰን ሳናየው ሰማነው። ድምፁ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ነው፤ ግን አያቋርጥም። ከዚያ ጢሱ ታየ። ከዚያ ውሃው ታየ።

እንዲህ ያለ ነገር በቃል ይነገራል? ከጣና ሐይቅ ባሕር ዳር ላይ የወጣው ዓባይ፣ ሜዳ ለሜዳ በቀስታ ሲሄድ ይቆይና፣ እዚህ ሲደርስ መሬቱ ከሥሩ ይከዳዋል። ከ40 ሜትር ያህል ከፍታ ይወድቃል። ውሃው ከድንጋዩ ጋር ሲጋጭ ይበናል። ብናኙ ወደ ሰማይ ሲወጣ ጢስ ይመስላል። ጢስ ዓባይ የተባለው ለዚህ ነው። ፀሐይ በብናኙ ላይ ስታርፍ የማርያም መቀነት ይወጣል። ትንሹ ልጅ «አያቴ፣ መቀነቱ መሬት ነክቷል!» ብሎ ጮኸ።

ይህን ግን እወቁ። ፏፏቴው ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለም። ሞልቶ የሚታየው ክረምቱ እንዳለፈ ነው። በበጋ በጣም ይቀንሳል። አንዱ ምክንያት ዝናብ ስለማይኖር ነው። ሌላው ምክንያት መብራት ነው። ከፏፏቴው አጠገብ ሁለት የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ተሠርተዋል። አንደኛው በ1950ዎቹ፣ ሁለተኛው በ1990ዎቹ ዓ.ም. ነው። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ተመርቆ የጣናን ውሃ በሌላ በኩል መውሰድ ጀመረ። ስለዚህ ፏፏቴውን ለማየት የሚሻለው መስከረምና ጥቅምት ነው። በፏፏቴው የሚያልፈው ውሃ በዚህ አያበቃም። ረጅም መንገድ ወርዶ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ይደርሳል።

የምሳ ሰዓት

ቀኑ ሲሞቅ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ዐረፍን። ከገደሉ ራቅ ብለን ተቀመጥን። ድንጋዩ ያዳልጣልና ትንሹ ልጅ ብቻውን እንዳይሄድ አንድ ሰው ሁልጊዜ እጁን ይይዘው ነበር።

አገልግሉ ተከፈተ። አያት ሕፃኗን ተቀበሉና ለእናትየው «አንቺ ቅደሚ፣ ብዪ» አሏት። እናትየው እግሯን ዘርግታ በላች። ስትጨርስ እንዲህ አለች። «ከወለድሁ ወዲህ እህል የምበላው በአንድ እጄ ነው። በሌላው ልጅ ይዤ። ዛሬ በረጋ ልብ በላሁ።»

ይህ ትንሽ ነገር ነው ትላላችሁ? እኛ ትንሽ ነው አላልንም። ፏፏቴውን ለማየት ብዙ ሰው ከሩቅ አገር ይመጣል። ያቺ እናት ግን ከፏፏቴው እኩል ያስደሰታት እጆቿ ነጻ መሆናቸው ነው።

ከምሳ በኋላ አያት በእጃቸው ትንሽ ውሃ ቀድተው መጡ። «ዓባይ ነው፤ ከገነት የሚፈስ ውሃ ነው። አንድ ጠብታ ላቅምሳት» አሉ።

እናትየው እጃቸውን በአክብሮት ያዘች። «እማማ፣ ስድስት ወር እስኪሞላት ውሃ አትቀምስም። የወንዝ ውሃ ተቅማጥ ያመጣባታል። ጡቴ ይበቃታል» አለች።

አያት ቅር አላቸው። ውሃውንም መሬት ላይ አላፈሰሱትም፤ የራሳቸውን ግንባር ቀቡበት። በዚያው ቅጽበት ነፋሱ ዞረ። ከፏፏቴው የተነሣው ብናኝ እንደ ካፊያ መጣብን። የሁላችንም ፊት ረጠበ። የሕፃኗም ፊት ረጠበ። ዓይኗን ጨፈነች። ከፈተች። አፏን አጣመመች። ልታለቅስ ነው ብለን ስንጠብቅ በድምፅ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ሰምተናት አናውቅም። አያትም ሳቁ። «ዓባይ ራሱ መጥቶ ሳማት! እኔ ምን አገባኝ!» አሉ።

እናትየው ፊቷን በነጠላ ጠረገችላትና በጋቢ ሸፈነቻት።

ስንመለስ

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መንገድ ጀመርን። ጥቅምት የወባ ወቅት ነው። የወባ ትንኝ የምትናከሰው ከምሽት ጀምሮ ስለሆነ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ቤት መግባት ነበረብን። ማታ እናትና ልጅ እንደ ወትሯቸው አጎበር ውስጥ ተኙ። ሕፃኗን ምችም አልመታት፤ ዓይንም አልበላት። እንዲያውም ሌሊቱን በደህና ተኛች አሉን።

እናንተስ?

ለመደሰት ጢስ ዓባይ መሄድ የግድ አይደለም። በየሰፈራችሁ ወንዝ አለ። ጥላ ያለው ዛፍ አለ። አገር የሚያሳይ ኮረብታ አለ። የራቀች እኅት ቤት አለች። ከቤት ደጅም ቢሆን ይጀመራል። የጧት ፀሐይ ለሕፃን አጥንት ጥሩ ነው። ጠንካራው የቀትር ፀሐይ ግን አይስማማውም። ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ሕፃኑን ለጥቂት ደቂቃ ፀሐይ አሙቁት፤ ዓይኑን ጋርዱለት። ሕፃኑ ትኩሳት ካለው፣ ካስመለሰው ወይም ጡት አልጠባም ካለ ግን ጉዞው ይቅር፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ከሁሉ በላይ፣ አባት ሆይ፣ አንቀልባውን ተቀበል። ሸክሙ ቀላል ነው። የአራት ወር ሕፃን ከአንድ ቁና እህል ብዙም አይከብድም። ለእናቲቱ ግን ትልቅ ዕረፍት ነው።

እስቲ ተወያዩ

1. አያት ጉዞውን የፈሩት ለምንድን ነው? እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱላቸው ነበር?
2. እናትየው ለሕፃኗ ውሃ እንዳይሰጣት ለምን ከለከለች?
3. በሰፈራችሁ ወንድ ልጅ አዝሎ ቢታይ ሰው ምን ይላል? ቢልስ?
4. በአንድ ቀን ደርሳችሁ የምትመለሱበትን፣ ግን አይታችሁት የማታውቁትን አንድ ቦታ ስም ጻፉ።